በአንድ ገጽ ያለቀው ወረቀት

ሰኞ 3

አምድ አላቀላቀልኩም። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፤ ሌላው ይደርሳል።

ጠዋት በክፍሉ ስብሰባ ላይ ቀዶ ሐኪሙ ሠንጠረዤን ግድግዳው ላይ አበራና ስሜ ያለበትን ጥግ በመዳፉ ሸፍኖ፣ "ልጅቷ አምዶቹን አቀላቅላለች" አለ። ልጅቷ። ሁለት ዓመት የጥናቱን መረጃ እየመዘገብኩ አብሬው ሠርቻለሁ። ነርሶቹ ከጀርባው "መቀሱ" ይሉታል። እኔ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ብዬው አላውቅም ነበር፤ ከዛሬ ወዲያ ግን ሌላ ስም የለውም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የገዛ ጫማውን አየ። ተነስቼ "አላቀላቀልኩም" አልኩ። ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነብኝ። ከሁሉም ያበገነኝ የድምፄ መቅጠን ነው።

ከነገ ጀምሮ መዝገብ ቤት፣ ፋይል መደርደር። ስሜም ከጥናቱ ላይ ይነሳል።

ማክሰኞ 4፣ ምሳ ሰዓት

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። ያለችው አንዲት መስኮት ናት፤ በእሷ የሚታየው የመንገደኛ ቁርጭምጭሚት ብቻ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አስራ አንድ ጊዜ አነጠስኩ።

ነገሩን ምንም ለማያውቅ ሰው እንደማስረዳ አድርጌ ልጻፈው፤ ምናልባት ለእኔም ይጠራልኝ። ክፍላችን ውፍረት ላስቸገራቸው ሰዎች ሁለት ዓይነት ቀዶ ሕክምና ይሠራል። አንዱን "እጅጌው" እንለዋለን፤ ጨጓራውን በቁመቱ ቆርጦ እንደ ሸሚዝ እጅጌ ማጥበብ ነው፣ አንጀት አይነካም። ሌላው "አቋራጩ" ነው፤ ጨጓራው እንቁላል አክሎ ይቀራል፣ ምግቡም የአንጀቱን መጀመሪያ ዘሎ እንዲያልፍ ተደርጎ ይሰፋል። ሁለቱም ያከሳሉ። የእኛ ጥያቄ ስለ ደም ስብ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለውም ስብ የት ይደርሳሉ?

መቀሱ "ሁለቱም ያው ናቸው" ብሎ በጉባኤ ሊናገር ተዘጋጅቷል። እጅጌው ይፈጥንለታል፤ በቀን አራት ይሠራል። የእኔ ሠንጠረዥ ግን ያው አይደሉም አለ። አቋራጩን ያደረጉት ሰዎች መጥፎው ኮሌስትሮላቸው ደህና አድርጎ ወርዷል። እጅጌውን ያደረጉት ደግሞ ትራይግሊሰራይዳቸው ወርዶ፣ ጥሩው ከፍ ብሎ፣ መጥፎው ግን ጨምሯል። ሰው ሠላሳ ኪሎ ጥሎ መጥፎው ስብ እንዴት ይጨምራል? አላውቅም። አላውቅም ማለት ግን አቀላቅያለሁ ማለት አይደለም።

እህቴ በ26 እጅጌውን እንድታደርግ ቀጠሮ ተይዞላታል። በእሱ እጅ።

ሐሙስ 6፣ አውቶቡስ ውስጥ

ቆሜ ነው የምጽፈው። መቀሱ ያላሰበው ነገር፤ ሠንጠረዡን ነጠቀኝና ፋይሎቹን ሰጠኝ። ሁለት መቶ አስራ ሁለቱም ሰዎች መደርደሪያዬ ላይ ናቸው። አንድ በአንድ በእጄ እለቅማቸዋለሁ። ወራጅ አለ

እሁድ 9

ከጠዋት ጀምሮ እቴቴ ሱቅ ነኝ። እቴቴ ታላቅ እህቴ ናት፤ በአስራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ካረፈች ወዲህ ደብተሬን የምትፈርመው፣ ጫማዬን የምትገዛው፣ ስዋሽ የምታውቀው እሷ ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት። ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ታወራለች።

አባታችን በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ አውቶቡስ ሲጠብቅ ደረቱን ይዞ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። አልተነሳም። ደሙ በስብ ተሞልቶ ነበር አሉን። ያ ደም ለእቴቴ ተርፏታል። እኔ ሸምበቆ ነኝ፣ ምንም አልደረሰኝም። እሷ በየማታው የስብ ክኒን እየዋጠች መጥፎውን ኮሌስትሮል 128 ላይ ይዛዋለች። አርባ ዓመት ሊሞላት ነው። እኔ ደግሞ መቁጠር አላቆምም፤ ከአርባ እስከ አርባ ዘጠኝ።

ስለዚህ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ አቋራጩን አድርጊ አልኳት። ሠንጠረዡን ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ ጻፍኩላት። ጠመኔውን በእጅጌዋ ጠረገችው።

"አንጀቴን ተርትረው እንደገና ሊገጣጥሙት? ተይኝ እባክሽ። እጅጌ ማጥበብ እኔም አውቃለሁ፤ ቢበላሽ ቢያንስ የት ጋ እንደተበላሸ ይገባኛል።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የምትፈራ ሴት በቀልድ ታመልጣለች፤ ጨክኖ የሚወስንላት ሰው ያስፈልጋታል። አፍ አውጥቼም ይህንኑ ነገርኳት። ደንበኛ ገባችና ወሬው ተቋረጠ።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር አለ። ወረቀቴን ከጠረጴዛዋ መስታወት ስር አድርጋዋለች። ይህ በእጅጌው የተሠሩ ሰዎች ከሆስፒታል ሲወጡ የሚወስዱት መመሪያ ነው፤ ባለፈው ዓመት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀድሞ መቀሱ በእጁ የጫረው ሁለት ገጽ ነበር፣ ማንም አያነበውም። እኔ ድግግሞሹን ጠርጌ፣ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሬ በአንድ ገጽ ጨረስኩት። አንድም ትርፍ ቃል የለበትም። የአቋራጮቹን ገና አልጻፍኩም፤ እነሱ እስከ ዛሬ ያንኑ የእጅ ጽሑፍ ይዘው ይወጣሉ፣ ያሳዝናሉ። እቴቴ ለቀዶ ሕክምናው ካለፈው ወር ጀምራ እየተለማመደችው ነው። ውኃ በሲኒ፣ ጉርሻ ሃያ ጊዜ ማኘክ፣ መስመር በመስመር። ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ማክሰኞ 11

ዘጠና ፋይል ደረስኩ። የተቀላቀለ የለም። ከላቦራቶሪው ወረቀት ወደ ሠንጠረዤ ያለ አንዳች ስህተት ተሸጋግሯል። ልቤ ይፈነድቃል፤ ወዲያው ደግሞ ይጨልምብኛል። ስህተት ከሌለ እጅጌው በእውነት ሰውን እየጎዳ ነው ማለት ነው። ግን በምን መንገድ? እየከሱ? ራሴን አመመኝ።

ረቡዕ 12

አንድ የታክሲ ሹፌር ፋይሉን ፍለጋ ወረደ። አምሳ አካባቢ ይሆናል፤ ሱሪው ወገቡ ላይ ታጥፎ ቀበቶው ሁለት ዙር ዞሯል። እጅጌውን ከተሠራ ስምንት ወሩ ነው፣ አርባ አንድ ኪሎ ጥሏል። መጥፎው ኮሌስትሮሉ ግን ከበፊቱ ብሷል፣ 196። መቀሱ ቁስሉን አይቶ፣ መዝኖት፣ "ጎበዝ" ብሎ ሸኝቶታል።

ሹፌሩ ተጨንቋል። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፎ እንደ ትራፊክ ሕግ እንደሚጠብቀው ነገረኝ። ጣፋጭ የለ፣ አረፋ ያለው መጠጥ የለ፣ ክኒን የለ፣ ቆሞ መብላት የለ። ሚስቱ "ይህን ያህል እኔን ሰምተኸኝ ቢሆን" ትለዋለች አለ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ልነግረው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተውኩት፤ ጉራ ይመስላል። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ፣ ያንኑ ወረቀት ተከትሎ እንዲቀጥል ነገርኩት። አመስግኖኝ ሄደ።

196። ይህን ለመቀሱ ግንባሩ ላይ ብለጥፍለት።

ዓርብ 14

የእቴቴ የቅድመ ቀዶ ሕክምና ደም ውጤት መጣ። መጥፎው ኮሌስትሮል 211።

ሊሆን አይችልም። ባለፈው 128 ነበር። ደም ተለዋውጧል። የእኔን አምድ ያወራሉ፣ እነሱ ብልቃጥ ያቀላቅላሉ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ላቦራቶሪ ወጣሁ። ኃላፊዋ "ወንፊት" ናት፤ ምንም ስለማያልፋት ነው እንዲህ የሚሏት። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር ቀርቷታል፣ ማንንም አትፈራም። የያዝኩትን ሁሉ አፈሰስኩባት። መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ መልሳ አደረገች።

"እኔ ጋ ደም አይቀላቀልም" አለች።

"እኔም አምድ አላቀላቀልኩም።"

"እንግዲያስ ሁለታችንም ካላቀላቀልን ደሙ የሚለው እውነት ነው። እህትሽ ክኒኗን ትውጣለች?"

እቴቴ? በእሷ አዋዋጥ ሰዓት መሙላት ይቻላል አልኳት። "ጠይቂያት" አለችና ወደ ማሽኗ ዞረች።

ለምን እጠይቃታለሁ? እቴቴን አላውቃትም እንዴ?

እሁድ 16

የክኒኑ ብልቃጥ ከስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ መሃል ተገኘ። ሙሉ ነው።

ጮህኩባት። በሕይወቴ እቴቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ልትሞቺ ነው ወይ የምትፈልጊው፣ አባባን ረሳሽው ወይ፣ ምኑ ቅጡ። ከዚያ መስታወቱን በአንድ እጇ አንስታ ወረቀቱን አወጣችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አደረገች።

"አንብቢው። አንቺው ነሽ የጻፍሽው።"

"የሚዋጥ ክኒን አይውሰዱ" ይላል። ከዚያ ነጥብ። ከዚያ ስለ ውኃ።

ይህ እኮ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው፣ ያውም ከተሠሩ በኋላ፣ ርዕሱ ላይ ተጽፏል አልኳት። አዎ ተጽፏል። ከላይ፣ በትልቁ። "ከስድስት ሳምንት በኋላስ ምን ይላል?" አለች። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ለምን እንደገለበጥኩት አላውቅም። ጀርባው ባዶ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አንድ ገጽ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

"ካለፈው ወር ጀምሮ እየተለማመድኩት ነው አላልኩሽም?" አለች፣ ቀስ ብላ። "አንቺ የጻፍሽው ነገር ይጎዳኛል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?"

ብልቃጡን ይዤ ቆምኩ። አሁንም እየጻፍኩ እጄ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ሰኞ 17

ሥራ አልገባሁም። ራስ ምታት ነው አልኩ።

ማክሰኞ 18

ገባሁ። የድሮውን ሁለት ገጽ ከመሳቢያዬ አወጣሁ። የመቀሱ የእጅ ጽሑፍ፣ አስቀያሚ፣ ግን ይነበባል። "የሚዋጥ ክኒን ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት አይውሰዱ፤ ከዚያ ሐኪም ጠይቀው የድሮ መድኃኒትዎን ይቀጥሉ።" ከጎኑ የእኔ ቀይ እስክሪብቶ። "ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት" የሚለው ላይ መስመር፣ ኅዳጉ ላይ "ርዕሱ ላይ አለ፣ ድግግሞሽ"። "ከዚያ ሐኪም ጠይቀው" የሚለው ላይም መስመር፣ ኅዳጉ ላይ "ከርዕሱ ውጪ"። ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ አለኝ።

ከስር ደግሞ የእሱ ፊርማ አለ። አጽድቋል። አላነበበውም፤ ብእሩን እንኳ ከወረቀቱ ሳያነሳ ስልክ እያወራ ነው የፈረመው፣ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የእሱ ነው። ኃላፊው እሱ ነው። እኔ የቋንቋ ሥራ ነው የሠራሁት። ቀይ እስክሪብቶ ያለበት ወረቀት ደግሞ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፣ እሱም እኔ ጋ።

ይህን መስመር ልሰርዘው አሰብኩ። ይቀመጥ።

ሐሙስ 20

የፋይሎቹን የክትትል ገጽ እንደገና አየሁ። "መድኃኒት፦ የለም"። ያቺን "የለም" ስንት ጊዜ አይቻት አልፌያለሁ? ጥናቱ ስለ መድኃኒት አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

እጅጌውን ካደረጉት 118 ሰዎች 52ቱ አስቀድሞ የስብ ክኒን ይወስዱ ነበር። 43ቱ አቁመዋል። ከአቋራጮቹ ያቆሙት ሦስት ናቸው፤ ያሳዝናሉ ያልኳቸው፣ ያንን የእጅ ጽሑፍ ይዘው የወጡት።

ዓርብ 21፣ ምሳ ሰዓት

ክኒን ያቆሙትን ለይቼ ቀሪዎቹን እንደገና ቆጠርኩ። የእጅጌዎቹ መጥፎ ኮሌስትሮል 131 ነበር፣ 129 ሆነ። አልጨመረም። ግን አልወረደምም። ትራይግሊሰራይዱ ወርዷል፣ ጥሩው ከፍ ብሏል፣ እነሱ እንዳሉ ናቸው። የአቋራጮቹ መጥፎ ከ134 ወደ 101።

እንግዲህ ምን ልበል? መቀሱ ያው ናቸው ሲል ተሳስቷል። እኔ እጅጌው ያስጨምራል ስል ተሳስቻለሁ። አምድ አላቀላቀልኩም፤ ሠንጠረዡ ግን የሚለካው ቀዶ ሕክምናውን ብቻ ሳይሆን የእኔንም ዓረፍተ ነገር ነበር። ተበድያለሁ? ተበድያለሁ። በድያለሁስ? ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አልቻልኩም፤ አንዱን ሳነሳ ሌላው ይወድቅብኛል።

ለወንፊት አሳየኋት፣ ቀይ እስክሪብቶውንም ጭምር። ረጅም ጊዜ አየችው። "ሰኞ ስብሰባው ላይ አስገባሻለሁ፤ ምን ይዘሽ እንደምትገቢ ግን አንቺ ታውቂያለሽ" አለች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ሰኞ 24

ገባሁ። ሁለቱንም ይዤ ገባሁ፣ አዲሱን ቆጠራና ቀዩን ወረቀት።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን ተናገርኩ። ቀጥሎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። ቆርጬ ያወጣሁት እኔ መሆኔን፣ አርባ ሦስት ሰው በእኔ ዓረፍተ ነገር ክኒን ማቆሙን ነገርኳቸው። ድምፄ አልቀጠነም። መቀሱ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ።

"ስህተቱ ያንቺ ነው ስል ማንም አላመነኝም ነበር" አለ።

"ስህተቱ የእኔ ነው። ግን አምድ አላቀላቀልኩም። ሁለቱም ቀዶ ሕክምናዎች ደግሞ ያው አይደሉም፤ ክኒኑ ተለይቶም ያው አይደሉም።"

ወንፊት ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችው፣ ፊርማው ባለበት በኩል። ፊርማውን አየው። ከዚያ ያደረገውን አልጠበቅኩም ነበር፤ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጆሮው ቀላ። "ልጅቷ" አላለም። በስሜ ጠራኝና ስሜ ወደ ጥናቱ ሊመለስ እንደሚችል፣ የወረቀቱ ጉዳይ ግን በጸጥታ እንዲታረም ጠየቀኝ። አዲስ ወረቀት ይታተማል፣ በሽተኞቹ በየቀጠሯቸው ይነገራቸዋል፣ ማስደንገጥ አያስፈልግም።

በየቀጠሯቸው። አንዳንዱ የሚቀጠረው በዓመቱ ነው። አባባም ከአውቶቡስ ጋር ቀጠሮ ነበረው፤ አልደረሰበትም።

ስሜ ይቆይ፣ የሰዎቹን ስልክ ቁጥር ስጡኝ አልኩ።

ማክሰኞ 25

የእቴቴ ቀጠሮ በስድስት ሳምንት ተገፋ፤ ደሟ መጀመሪያ ይመለስ ተባለ። ክኒኑን ፊቴ ዋጠች። ምላሷን አውጥታ አሳየችኝ፣ እኔ ልጅ ሆኜ መድኃኒት ስታጠጣኝ እንዳደርግላት ታዘኝ እንደነበረው።

አሁን ቁጥሮቹን ይዘን ተቀመጥን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልገፋት ነገርኳት፤ አቋራጩ መጥፎውን እንደሚያወርድ፣ ግን ዕድሜ ልክ ቪታሚን እንደሚያስከትል፤ እጅጌው መጥፎውን እንዳለ እንደሚተወው፣ ግን ከክኒኑ ጋር ሊሄድ እንደሚችል። ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ግማሹን አላውቅም አልኳት፣ ሐኪም እንድትጠይቅ ጻፍኩላት። ሜትሩን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች አሰበች።

"እጅጌውን ነው የማደርገው፣ ክኒኔን እየዋጥኩ" አለች።

አፌን ከፈትኩ። ጣቷን አነሳች።

"ሚጢጢ፣ ምረጪልኝ ብዬሽ አላውቅም። አስረጂኝ ነበር ያልኩሽ። ዛሬ አስረዳሽኝ።"

ትክክል መረጠች? አላውቅም። በሌላ ሐኪም እጅ እንዲሆን ግን አስምያታለሁ። ክኒኗን በየማታው እንደምትውጥ አምናለሁ፣ ከዚያ ደግሞ አላምንም፣ እንደገና አምናለሁ።

ሐሙስ 27

ስልክ። ሃያ ስድስት ሰው። "ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ" ብዬ እጀምራለሁ። አንዲት ሴት ሰደበችኝ። አንዱ "ምን ወረቀት?" አለ፤ ሳያነበው ጥሎት ክኒኑን ሲውጥ ከርሟል፣ ነርሷ ናት "የለም" ብላ የጻፈችው። ሳቅኩ፣ ከዚያ ቀጣዩን ቁጥር ደወልኩ።

ሹፌሩ አያነሳም። አምስት ጊዜ። 196።

ዓርብ 28

ሹፌሩ አያነሳም። ማታ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሰው አየሁና ከአውቶቡስ ወረድኩ። ጫማውን እያሰረ ነበር።

ቅዳሜ 29

ጠዋት አነሳ። ከኋላው የተሳፋሪ ጭቅጭቅ ይሰማል። ስልኩ ተሰብሮበት እንደነበር ነገረኝና "የመዝገብ ቤቷ ልጅ ነሽ አይደል? ይኸው እንዳልሽኝ ወረቀቱን አንድ መስመር አልጣስኩም" አለ።

"ጋሼ፣ መኪናውን ዳር ያቁሙ።"

አቆመ። ነገርኩት። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው፣ ምን እንደተቆረጠ፣ ያን ዕለትም ቆሜ ምን ብዬ እንደሸኘሁት። ተሳፋሪዎቹ ዝም ሲሉ ይሰማኛል። ፍሬቻው ብቻ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

"ስምንት ወር" አለ። ከዚያ፣ "እሺ አሁን ደግሞ ማንን ልመን?"

የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ነበረኝ፣ አልተናገርኩትም። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሳይበላ እንዲመጣ፣ ክኒኑንም ምን እንደሚያደርግ ሐኪም ፊት ለፊት እንደሚነግረው፣ እኔም በሩ ላይ እንደምጠብቀው ብቻ ነገርኩት። ሳይሰናበተኝ ዘጋው።

ሰኞ 1

አንድ ሰዓት ከሩብ ጀምሮ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እጄ ውስጥ አዲሱ ወረቀት አለ። ሁለት ገጽ ነው። ስለ ክኒኑ ሦስት ቦታ ይናገራል፣ ይደጋግማል።

ሁለት ሰዓት። የለም።

ሁለት ሰዓት ከአስር። ታክሲው ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ወደ እኔ መጣ፣ ሰላም አላለኝም። አሮጌውን ወረቀት፣ ጥጉ ላይ ከነማጣበቂያው፣ አጣጥፎ እጄ ላይ አደረገና ለደም ምርመራው የሸሚዙን እጅጌ እየሰበሰበ ቀድሞኝ ገባ።

"አልበላሁም" አለ፣ ሳይዞር።